ላቦራቶሪ ፖለቲካ አያውቅም ያለው ማነው?

(ለመምህራንና ለተማሪዎች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



«እናንተ የሳይንስ ልጆች ናችሁ፤ ፖለቲካውን ለስድስት ኪሎዎች ተዉት!» የምትለዋን ምክር አራት ኪሎም ሆነ አምስት ኪሎ የተማረ ሁሉ ያውቃታል። እኔም በተማሪነቴ ሰምቻታለሁ። ዛሬ መምህር ሆኜ ደግሞ ባልደረቦቼ ሲደግሟት እሰማለሁ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ምክሯ መሠረት የላትም አይባልም። የታሪክ ተማሪ ትምህርት ቢቋረጥበት መጽሐፉን ይዞ ቤቱ ያነባል። የኬሚስትሪው ልጅስ ላቦራቶሪው ከተዘጋበት ምን ይዞ ይሄዳል? ሙከራው አመለጠ ማለት ኮርሱ አመለጠ፤ ኮርሱ በዓመት አንዴ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ዓመቱም አብሮ ሄደ። የደሃ ገበሬ ልጅ ይህን ቢፈራ ፈሪ አልለውም።

ግን «እኔ የሙያ ሰው ነኝ» ማለት ማንን አዳነ? ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ። በሰኔ 1983 ጉባዔ ዩኒቨርሲቲውን ወክለው ገብተው የኤርትራን መገንጠል ተቃወሙ። ታህሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. ተማሪው በዚሁ በኤርትራ ጉዳይ ሰልፍ ወጣ፤ ጥይት ተተኮሰበት። በሚያዝያ ከ40 በላይ መምህራን ሲባረሩ ፕሮፌሰሩም አብረው ተባረሩ። ሐኪም ናቸውና ይቅር ያላቸው የለም! የሚገርመው፣ ያኔ የሽግግር መንግሥቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ መለስ ዜናዊ ራሳቸው የሕክምና ትምህርታቸውን አቋርጠው በረሃ የገቡ ሰው ነበሩ።

ኋላ ደግሞ 70/30 የሚባል ፖሊሲ መጣ። ከመቶው ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይመደብ ተባለ። እስቲ ሒሳቡን ሥሩት! የሳይንሱ ልጅ አያገባውም ካልን ግቢው ውስጥ አፍ ያለው 30 ሰው ብቻ ቀረ። (ሆን ተብሎ ነው አልልም።) በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ሥራ ሲያቆሙ የጠየቁት የሚያኖር ደመወዝ ነበር፤ እነሱም ታሰሩ።

ባልደረቦቼ፣ ሰልፍ ምሩ አላልኳችሁም። በተቃውሞ ምክንያት ያመለጠ የላቦራቶሪ ሥራ እንዲካካስ በዲፓርትመንት ጉባዔያችሁ ወስኑ። ከክፍል የቀረ ተማሪ ስም ዝርዝር አምጡ ስትባሉ፣ ለምን እንደተፈለገ በጽሑፍ ይሰጠን በሉ። አቴንዳንስ የተያዘው ለማርክ ነው እንጂ ለፖሊስ አይደለም። ይህን ለማለት ዶክትሬት አያስፈልግም።

ከፊት የተቀመጣችሁ ዲኖችም መልስ ካላችሁ፣ ማይክሮፎኑ ይኸውላችሁ።