የሕፃኑ ራስ ይለካ
(ለማኅበራችን አባላትና ለአሳዳጊዎች የተደረገ ንግግር)



የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የየቲሞች አሳዳጊዎች፤

ዛሬ ልናነሣላችሁ የወደድነው ስለ ምግብና ልብስ አይደለም፤ ስለ ሕፃን ራስ ነው። ሐኪሞች ሃይድሮሴፋለስ የሚሉት፣ በአንጎል ውስጥ ፈሳሽ የሚጠራቀምበት በሽታ አለ። ፈሳሹ በሁላችንም አንጎል ውስጥ ዘወትር የሚመነጭና ተዘዋውሮ ወደ ደም የሚመለስ ነው። መንገዱ ሲዘጋ ግን እየተጠራቀመ አንጎልን ይጫናል። የሕፃን የራስ ቅል አጥንቶች ገና ስላልገጠሙም ራሱ ከልክ በላይ ይሰፋል። አንዳንዱ ከነችግሩ ይወለዳል፤ ሌላው ደህና ተወልዶ ከማጅራት ገትር በኋላ፣ ወይም ያለ ወሩ በመወለዱ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ይጀምረዋል።

ጥፋታችንን አንሸሽግም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቱና አባቱ የሞቱበትን የአራት ወር ሕፃን ልንጎበኝ ከአያቱ ቤት ገባን። ወረቀቱን ሞላን፣ የወተቱን ገንዘብ አስረከብን፣ ዱዓ አድርገን ወጣን። ሕፃኑ በነጠላ ተጠቅልሎ ነበርና ራሱን ገልጠን አላየንም። ጎረቤቱ አንዱ «ቡዳ ነው»፣ ሌላው «ጂን ነው» ሲል ክረምቱ አለፈ። ሐኪም ዘንድ የደረሰው ከአምስት ወር በኋላ ነበር። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ነፍሱ ተረፈች፤ ዓይኑ ግን ብርሃን አጥቶ ነበር። አያቱ «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ገብታችሁ አይታችሁት ነበር እኮ!» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ለመለካት የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ሜትሩን ከቅንድብና ከጆሮ በላይ አዙሮ፣ በስተኋላ ጎላ ባለው የራስ ክፍል ላይ ማሳለፍ ነው። ወሩን ጨርሶ የተወለደ ሕፃን ራስ አብዛኛውን ጊዜ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በየወሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በሚቀጥሉት 3 ወራት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ በየወሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል። አንድ ጊዜ መለካት ብዙ አይነግርም፤ ትልቅ ራስ የዘር ሊሆን ይችላልና። ሊያስደነግጠን የሚገባው ከወር ወር የተመዘገበው ቁጥር ሲሮጥ ነው። ሕፃኑ ሳያለቅስ፣ ቀና ብሎ ተይዞ ሳለ እርግብግቢቱ ከተወጠረ፣ የራሱ ደም ሥሮች ከተገተሩ፣ ዓይኖቹ ወደ ታች አዘቅዝቀው ነጩ ከላይ ከታየ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም እንቅልፍ ከተጫጫነው፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። እርግብግቢት ላይ ቅቤ ማኖር የእናቶቻችን ልማድ ነው፤ እኛም በዚያው አድገናል። ፈሳሹን ግን አያወጣውም። መተኮስና መብጣትማ ቁስል ጨምሮ ሕፃኑን ለባሰ አደጋ ይዳርጋል።

ሕክምናው በአገራችን አለ። ቀድሞ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞቻችን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥልጠናው ከተጀመረ ወዲህ በርክተዋል። «ሸንት» የሚባለው ቀጭን ቱቦ ፈሳሹን በቆዳ ሥር ወደ ሆድ ያወርዳል። ቱቦው ሊዘጋ ወይም ሊመረቅዝ ስለሚችል ክትትሉ አይቋረጥም። በጎረቤት ምሥራቅ አፍሪቃም፣ በኡጋንዳ ምባሌ ከተማ፣ ዶክተር ቤንጃሚን ዋርፍ በኢንዶስኮፕ ለፈሳሹ አዲስ መውጫ በመክፈት ብዙ ሕፃናት ያለ ቱቦ ሊታከሙ እንደሚችሉ አሳይተዋል። ሁለቱም መንገዶች ግን የጠፋን ዓይን አይመልሱም።

ስለዚህ ጎብኚዎቻችን ከእንግዲህ ከወረቀቱ ጋር ሜትር ይይዛሉ፤ ነጠላውንም አያቶችን አስፈቅደው ይገልጣሉ። አሳዳጊዎችም በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ለክትባት ጤና ጣቢያ ስትሄዱ «ራሱንም ለኩልን፤ በካርዱ ላይ ጻፉልን» በሉ። ለጋሾች ሆይ፣ ከገጠር ሕፃን ታቅፎ አዲስ አበባ የሚመጣውን ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚያስቀረው የመኪናና የማደሪያ ገንዘብ ነው። የዚህን መዝገብ ለብቻው ከፍተናል፤ ከንግግሩ በኋላ በገንዘብ ያዣችን ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ።