ትኬት የሌለው ሎተሪ
(ፍኖተ ሰላም በተደረገው የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ)



ከዚህ እስከ ቡሬ ቁማር ሲባል ዓይናችን የሚያርፈው ቤቲንግ ቤት ላይ ነው። እሱስ ፈቃድ የሚጠየቅበት ሥራ ነው፤ ብንጠላውም በሩን እናውቀዋለን። ልጆቻችን በስልክ የሚጫወቱት ጌም ውስጥ ግን የሚሸጥ ዝግ ሳጥን አለ። ምን እንደያዘ የሚታወቀው ከተከፈለ በኋላ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ላስላው። ሳጥኑ 20 ብር ነው፣ የሚፈለገው ተጫዋች ከ100 አንዴ ይወጣል እንበል። ልጁ «2,000 ብር ካወጣሁ አገኘዋለሁ» ይላል። መቶ ልጆች መቶ መቶ ሳጥን ቢከፍቱ ግን 37 ያህሉ ሳያገኙት ይቀራሉ። ሳጥኑ ያለፈውን ኪሳራ አያስታውስም። 2,000 ብር የስንት ወር ቁጠባ እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።

ይህን ቁማር ብሎ የጠራ አገር አለ። የቤልጅየም የቁማር ኮሚሽን በ2010 ዓ.ም. እንዲህ ሲወስን፣ የፊፋ ጌም አምራች እዚያ አገር ሳጥኑን በገንዘብ መሸጥ አቆመ። የእኛ ሎተሪ እንኳ የዕጣው ቀን ትኬቱ ላይ ታትሞ፣ ዕጣው በሰው ፊት ይወጣል።

እኛም ለሚመለከተው አካል በማኅበሩ ስም ደብዳቤ እንጻፍ። እስከዚያው የቴሌብር ፒናችሁን ለልጅ አትስጡ፤ የወጪውን ዝርዝርም በየሳምንቱ እዩት።