ስለ ጃፓን የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች በማኅበራችን ስብሰባ የተደረገ ንግግር



ባለፈው ጊዜ ይህን ሥዕል አይታችሁ «ይህ እኮ ኅትመት ነው፤ ለኅትመት ገንዘብ ይወጣልን?» ብላችሁን ነበር። ዛሬ መልስ ስጡ ተብለን ቆመናል። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠራለን።

ሥዕሉ ካዋሴ ሃሱዪ በ1925 ዓ.ም. የሠራው፥ ቶኪዮ የሚገኘው የዞጆጂ ቤተ መቅደስ ቀይ በር ነው። አንዲት ሴት ጃንጥላ ይዛ በበረዶው ውስጥ ታልፋለች። «ሃሱዪ ሠራው» ስንል ግን ግማሹን ብቻ መናገራችን ነው። እርሱ ንድፉን ያወጣል፤ ቀራጩ ንድፉን ለየቀለሙ እየለየ በቼሪ እንጨት ላይ ይቀርጻል፤ አታሚው እንጨቱን በብሩሽ ቀለም ቀብቶ እርጥብ ወረቀት ያለብሰውና ባረን በሚባል ክብ መሣሪያ ጀርባውን ያሸዋል። ይህም ለእያንዳንዱ ቀለም ይደገማል። ሁሉን የሚያስተባብረው አሳታሚው ዋታናቤ ሾዛቡሮ ነበር። የማኅበራችንን ጋዜጣ እንደሚያባዛው ያለ መኪና አይገባበትም፤ ስለዚህ ሁለት ቅጂ ፍጹም አንድ አይሆንም።

አሁን ሞኝነታችንን ስሙ። ቶኪዮ ተማሪዎች ሳለን፥ አሮጌ መጻሕፍት በሚሸጡበት በጂምቦቾ ሰፈር፥ ሦስት ሆነን የምሳ ገንዘባችንን አዋጥተን ይህን በር ገዛን። በኅዳጉ ላይ የ1925 ዓመት ስለ ተጻፈ ያን ጊዜ የታተመ መሰለን፤ ባለ ሱቁንም አልጠየቅን። አንድ አዛውንት ሰብሳቢ ገልብጠው ጀርባውን አዩና ፈገግ አሉ። ለካ በኅዳጉ ያለው ዓመት የንድፉ ነው፤ ሠዓሊው በ1957 ከሞተ በኋላ የታተመውም ያንኑ ዓመት ይዞ ይወጣል። ዕድሜውን የሚናገሩት ወረቀቱና የአሳታሚው ማኅተም ናቸው፤ የማኅተሙም ቅርጽ በየጊዜው ተለዋውጧል። የእኛው የቅርብ ጊዜ ሆኖ ተገኘ።

የዮሺዳ ሂሮሺ ሥራ በዚህ በኩል ይቀላል። ሕንድ አገር ሄዶ ታጅ ማሃልን እንኳ በቀንና በሌሊት አስመስሎ የሠራ ሰው ነው፤ በሕይወቱ ሳለ በእርሱ ቁጥጥር በታተሙት ኅዳግ ላይ «ጂዙሪ»፥ ማለት «በራስ የታተመ»፥ የሚል ማኅተም ይገኛል።

ከ1923 በፊት የታተመ የሃሱዪ ሥራ ግን ለተማሪ ኪስ አይሞከርም። በዚያ ዓመት የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ የዋታናቤን ሱቅ ከነእንጨት ቅርጾቹ፥ የሃሱዪንም የንድፍ ደብተሮች በላ። በ1945 ደግሞ የአየር ድብደባ የዞጆጂን ዋና አዳራሽ አቃጠለ፤ በ1622 የተሠራው በር ግን ተረፈ።

ከሦስታችን አንዱ «እንሽጠው» ብሎ ነበር። ሁለታችን እንቢ አልን፤ ዘመኑ ቢቀርብም የቀራጭና የአታሚ እጅ አለበትና። ተከራክረን፥ በየዓመቱ በተራ እንዲቀመጥ ተስማማን። ባለ ተራው ፀሐይ እንዳያገኘው፥ በሙጫም ካርቶን ላይ እንዳይለጥፈው ቃል ይገባል። በዚህ ዓመት ተራው የዚያው «እንሽጠው» ያለው ጓደኛችን ነው፤ ዛሬም ለማምጣት በብዙ ልመና ነው የፈቀደው።

ከስብሰባው በኋላ ጠረጴዛው ላይ እናኖረዋለን። እጃችሁን ታጥባችሁ ኑና ጀርባውን ገልብጣችሁ እዩ፤ የባረኑ ፍትግታ ጎን ለጎን ሲያዩት ይታያል።