ዘፈንና ተቀባዩ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር





በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ሙዚቃ የማሰማት ተራ ከደረሰኝ ወዲህ ጓደኞቼ በየዕረፍቱ ሰዓት እየመጡ፤ «ከዓመቱ ሙዚቃ የትኛው ይበልጥብሃል?» እያሉ ጠይቀውኛል። ዛሬ በእናንተ ፊት ለመመለስ ዕድል በማግኘቴ ደስታዬ ከፍ ያለ ነው። ዓመታቱን በሸክላዎቹና በአልበሞቹ ላይ እንደ ተጻፉት በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ።

በ2025 ከተደረጉት የሙዚቃ ትርዒቶች የመረጥሁት በጥር ወር በአዲስ አበባ በሚሊኒየም አዳራሽ የቀረበውን የማሕሙድ አሕመድን የስንብት ትርዒት ነው። እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ በስልክ ነው የተመለከትሁት። ማሕሙድ በልጅነቱ ጫማ ይጠርግ ነበር። ኋላም አሪዞና በተባለው የምሽት ክበብ ተቀጥሮ ሲሠራ፤ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ዘፋኞች በቀሩበት አንድ ምሽት ልዝፈን ብሎ ለምኖ ጀመረ። ከስድሳ ዓመት በላይ ከዘፈነ በኋላም ሕዝቡን በክብር ተሰናበተ።

ከአልበሞች ደግሞ የመረጥሁት ሙላቱ አስታጥቄ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ያወጣውን «ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ» የተባለውን ነው። ሙላቱ በጅማ ተወልዶ በእንግሊዝና በአሜሪካ ሙዚቃ ከተማረ በኋላ፤ የአገራችንን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር አዋሕዶ ኢትዮ ጃዝን ያስገኘ ሰው ነው። በዚህ አልበም የቀድሞ ድርሰቶቹን በስተርጅና እንደ አዲስ ተጫውቷቸዋል።

የእነዚህ ሁለት ታላላቅ ሰዎች ሥራ ከዘመናቸው አልፎ ለእኛ ሊደርስ የቻለው እንዴት ነው? ዘፋኙ ብቻውን አላደረሰውም። በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት፤ ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለመንግሥት ተቋም ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፤ ቢያስሩኝም ይሰሩኝ ብሎ የራሱን ማሳተሚያ አቋቋመ። እስከ 1975 ድረስም ከመቶ የሚበልጡ ሸክላዎች አወጣ። ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ አገር በተከታታይ የታተሙት «ኤትዮፒክ» የተባሉት አልበሞች የኢትዮጵያን ሙዚቃ ለዓለም ያሰሙት በአብዛኛው በዚያ ዘመን የተቀዳውን ይዘው ነው።

የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያስደንቃል። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ በአሜሪካ በስደት ሳለ በ1985 አንድ ካሴት አወጣ። ከዚያም በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ፤ መንገደኛ በሚጠብቅበት ሰዓት በመኪናው ውስጥ ኪቦርዱን ይለማመድ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ካሴት የሚሰበስብ አንድ አሜሪካዊ ያን ካሴት በባሕር ዳር ከተማ ከአንድ ሙዚቃ ቤት አገኘው። በ2013 እንደገና ታተመና ባለ ታክሲው ወደ መድረክ ተመለሰ።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ መዝሙር የተማርሁት በዶ ሬ ሚ ነበር። የሙዚቃ አስተማሪያችን አንድ ቀን ሬንና ላን ትተው ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲን ብቻ መቱና፤ «ይህ ባቲ ነው» አሉን። ባቲ፣ አምባሰል፣ ትዝታና አንቺ ሆዬ ዋናዎቹ አራት ቅኝቶቻችን መሆናቸውን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ባቲ ማለት ኦሮሞው፣ አፋሩና አማራው ሰኞ ሰኞ የሚገበያዩባት የዞናችን ከተማ ናት። ስሟ በውጭ አገር የሙዚቃ ሰዎች ዘንድ ይጠራል። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ በሚኒ ሚዲያ ስዘፍን ሳሰማ፤ አንድም የባቲ ዘፈን አላሰማሁም፤ ከዓሊ ቢራ የኦሮምኛ ዘፈኖችም አንዱን እንኳ አላነሣሁም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው።

ባለፈው ክረምት አያቴ በወጣትነቷ በሰርግ ቤት ታወጣቸው የነበሩትን ዘፈኖች በስልኬ ልቅዳ ብዬ ለመንኋት። በኦሮምኛም በአማርኛም ታዜማለች። ሁለቱን አወጣች፤ በሦስተኛው መካከል ግን ዝም አለች።

«ረሳሽው ወይ እማዬ?» አልኋት።

«አልረሳሁትም። ተቀባይዬ እኮ ሞተች። ተቀባይ ከሌለ ዘፈን አይመጣም» አለችኝ።

ልቀበላት ሞከርሁ፤ ነገር ግን መቀበያውን አላውቀውም። ከባሕር ማዶ የተዘፈነውን ሁሉ በቃሌ የያዝሁ ልጅ በገዛ ቤቴ የተዘፈነውን መቀበል አቃተኝ። እንደዚያች ቀን ያፈርሁበት ጊዜ የለም።

ፈተና ደርሶ ሳለ ስለ ዘፈን መናገር ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ፊዚክስና ሒሳብ በመጽሐፍ ተጽፈው ይጠብቁናል፤ የአያቶቻችን ዜማ ግን የተጻፈው በአያቶቻችን ልብ ብቻ ነውና አይጠብቀንም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፤ እያንዳንዳችን ከቤታችን ወይም ከሰፈራችን አንድ አንድ ዘፈን፤ ባለቤቱን አስፈቅደን እንቅዳ። የዘፋኙን ስም፣ የቀበሌውን ስም፣ ዘፈኑ በምን ጊዜ እንደሚዘፈን እንጻፍበት። በቤተ መጻሕፍታችን ኮምፒውተር ይቀመጥ፤ ሚኒ ሚዲያችንም በየሳምንቱ አንዱን ያሰማ።

እንግዲህ ለጥያቄያችሁ እውነተኛውን መልስ ልስጥ። ከዓመቱ ሙዚቃ ሁሉ የበለጠብኝ ያ በመካከሉ የተቋረጠው የአያቴ ዘፈን ነው። ከዚህ ንግግር በኋላ በድምፅ ማጉያው አሰማችኋለሁ። ከእናንተ ከእናቶቻችን መካከል መቀበያውን የምታውቅ ብትኖር፤ እባክዎን ይቀበሉልኝ። አያቴ እዚያ ከኋላ ተቀምጣ ትጠብቃለች።