የተዛመዱ መዛግብትን ከዳታቤዝ ስለ ማምጣት



አንድ ሐኪም በዕለቱ ቀጠሮ የተያዘላቸውን 20 በሽተኞች መረጃ ለማየት ይፈልጋል እንበል። ተላላኪውን ወደ ካርድ ክፍል ልኮ በመጀመሪያ የስም ዝርዝራቸውን ያስመጣል፤ ቀጥሎም ለእያንዳንዱ በሽተኛ፣ ለእያንዳንዱ የቀድሞ ቀጠሮ፣ ለእያንዳንዱ ምርመራ ውጤት እንደገና ይልከዋል። ተላላኪው ሰነፍ አይደለም፤ ካርድ ክፍሉም ሩቅ አይደለም፤ ነገር ግን ቀኑ በመመላለስ ያልቃል። ወረቀቱ በኮምፒዩተር በተተካበት ስፍራም ይኸው ስሕተት መልኩን ለውጦ ይገኛል።

እንደሚታወቀው፣ ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ መሠረቱን የጣለለት የዝምድና ዳታቤዝ እያንዳንዱን ጉዳይ በየራሱ ሠንጠረዥ ይመዘግባል፤ ሠንጠረዦቹም በመለያ ቁጥር ይተሳሰራሉ። ቴይለር ኦትዌል እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ላራቬል የተባለው የፒኤችፒ ፍሬምወርክ፣ ኤሎኩዌንት በሚባለው ክፍሉ አማካይነት፣ መሐንዲሱ እነዚህን ዝምድናዎች በስማቸው ብቻ እንዲጠራቸው አስችሎታል። ምቾቱ ታላቅ ነው፤ ችግሩም የሚመነጨው ከዚሁ ምቾት ነው። በተለመደው አሠራር ዝምድናው የሚመጣው በተጠራበት ቅጽበት ስለሆነ፣ በድግግሞሽ ውስጥ የተጻፈች አንዲት መሥመር በየዙሩ አዲስ ጥያቄ ወደ ዳታቤዙ ትልካለች።

ሒሳቡ እንደሚከተለው ነው። እያንዳንዱ በሽተኛ 10 ቀጠሮ፣ እያንዳንዱ ቀጠሮ 5 ምርመራ፣ እያንዳንዱ ምርመራ አንድ ውጤት ቢኖረው፣ ለስም ዝርዝሩ 1፣ ለቀጠሮዎቹ 20፣ ለምርመራዎቹ 200፣ ለውጤቶቹ 1,000፣ በድምሩ 1,221 ጥያቄዎች ይላካሉ። አንዱ ጥያቄ ደርሶ ለመመለስ 2 ሚሊ ሴኮንድ ቢፈጅበት፣ ገጹ ለመከፈት ከ2.4 ሴኮንድ በላይ ይወስዳል። መሐንዲሱ በሦስት መዛግብት ሲሞክረው ይህ አይታየውም፤ የሚታየው ተራውን ለሚጠብቀው በሽተኛ ነው።

መፍትሔው የሚፈለገውን አስቀድሞ መናገር ነው። በላራቬል «ዊዝ» በሚለው ቃል «ቀጠሮዎች.ምርመራዎች.ውጤት» ተብሎ በነጥብ እየተለየ ሲጻፍ፣ የየደረጃው መለያ ቁጥሮች ተሰብስበው በአንድ ጥያቄ ይጠየቃሉ፤ መዛግብቱም ከመጡ በኋላ ፍሬምወርኩ ራሱ ያዛምዳቸዋል። ስለዚህ 1,221 የነበረው ጥያቄ 4 ብቻ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ቀድሞ ማምጣት ማለት ሁሉን ማግበስበስ ማለት አይደለም። ኬክፒኤችፒ በተባለው ፍሬምወርክ የቀድሞ እትሞች የዝምድናው ጥልቀት «ሪከርሲቭ» በሚባል ቁጥር ይወሰን ነበር፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ያልተፈለገውም መዝገብ አብሮ ይጎርፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው 3ኛ እትም ይህ ቁጥር ቀርቶ፣ የሚፈለጉት ዝምድናዎች «ኮንቴይን» በሚለው ቃል በስም የሚጠሩ ሆኑ። ቁጥራቸው ብቻ ለሚፈለግ መዛግብትም ቆጠራው ለዳታቤዙ ቢተው ይበቃል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን ዝግታ አይደለም። መሐንዲሱ ሸክሙን ለማቅለል ከውጤቱ ሠንጠረዥ ጥቂት ዓምዶችን ብቻ መርጦ፣ ውጤቱን ከምርመራው ጋር የሚያስተሳስረውን መለያ ቁጥር ቢዘነጋ፣ መዛግብቱ ከዳታቤዙ ቢመጡም የሚዛመዱበት ያጣሉ። በተለመደው አሠራር የስሕተት ማስታወቂያ አይወጣም፤ ቦታው ባዶ ሆኖ ይታያል። ሐኪሙም የተመረመረውን በሽተኛ ውጤት የለውም ብሎ ያምናል። ዘግይቶ የመጣ መረጃ ያሰለቻል፤ ሳይመጣ ቀርቶ የሌለ የሚመስል መረጃ ግን ያሳስታል።

ላራቬል እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ፣ አስቀድሞ ያልተነገረ ዝምድና በድግግሞሽ ሲጠራ ሥራውን በስሕተት የሚያስቆም መከላከያ አለው። ይህን በሙከራ ጊዜ ማብራት፣ የተላኩትን ጥያቄዎች መቁጠር፣ ሙከራውንም በርከት ባሉ መዛግብት ማካሄድ ከመሐንዲሱ የሚጠበቅ ተግባር ነው። ፍሬምወርክ ጽሑፍን ያሳጥራል እንጂ ስለ ጉዞው ማሰብን አያስቀርም፤ የተላላኪውን ምልልስ መቁጠር ዛሬም የመሐንዲሱ ኃላፊነት ነው።