ነጥብ ከመስጠት በፊት
(በዳግም መገናኛ በዓላችን የእራት ግብዣ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው «አጭር አድርገው» ስላለኝ ቶሎ ልግባ። ስለ ትምህርቱ ሌሎች ይናገራሉ፤ እኔ ስለ ካሴት ላውራ።

በዶርማችን ስምንት ሰው፣ አንድ ቴፕ ነበርን። ቅዳሜ ማታ እያንዳንዱ በተራው አንድ ዘፈን ያሰማል፤ ሌሎቻችን ከአሥር ነጥብ እንሰጣለን። ጥላሁን ይበልጣል ማህሙድ ስንባባል ለጠብ እንቃረባለን። «ሁለቱም የክብር ዘበኛ ልጆች አይደሉም እንዴ!» ብሎ የሚያስታርቅም አይጠፋም። ለአስቴር አወቀ ከስምንት በታች የሰጠ ሻይ ይጋብዛል!

ጥብቅ ሕግ ግን ነበረን፤ ዘፈኑ ሳያልቅ ነጥብ የለም። ቋንቋው ካልገባን ባለ ካሴቱ ይተረጉማል። የዓሊ ቢራን ኦሮምኛ፣ የኪሮስ ዓለማየሁን ትግርኛ አጣጥሜ የሰማሁት እዚያ ነው። አንድ ቀን አንዱ ለኪሮስ አራት ሰጠ። ባለ ካሴቱ ሳይቆጣ ግጥሙን ስንኝ በስንኝ ፈታለት። ባትሪው እንዳያልቅ ካሴቱን በእስክሪብቶ አጠንጥነን ደገምነው። ነጥቡ ሰባት ገባ። አሥር አልሆነም፤ ባለ ካሴቱ ግን ፊቱ በራ።

ባለፉት ዓመታት በፖለቲካ ተኳርፈን ሰላምታ ያቋረጥን አለን፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥም አለን። ማስታረቅ የሽማግሌ ሥራ ነው፣ አልገባበትም። ልመናዬ ይህች ብቻ ናት፦ ከእራት በኋላ ያኮረፋችሁትን ሰው ፈልጉና «ሰሞኑን ምን ትሰማለህ?» በሉት። እስኪያልቅ አብራችሁ ስሙ። ካልገባችሁ ይተርጉምላችሁ። ነጥቡ ይደርሳል።