ሰዓት የለንም
(በተመራቂዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ «ከምረቃ በኋላ ስለተማርሽው አንድ ነገር አሥር ደቂቃ ተናገሪ» አለኝ። እሺ አልኩ። ርዕሱን ስነግራቸው ግን ስልኩ ትንሽ ዝም አለ። «ስለ ራዲያተር?» አዎ፣ ስለ ራዲያተር። ስለ ልብና ስለ ኩላሊት ከእኔ የተሻለ የሚናገር እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሞልቷል። ስለሚሞቅ የላንድክሩዘር ሞተር ግን እስካሁን ማንም ሲናገር አልሰማሁም፤ ገጠር የሠራችሁ ሁሉ መንገድ ዳር ቆማችሁ እንፋሎቱን እያያችሁ «መቼ ነው የምንሄደው?» ብላችኋል። እኔም ብያለሁ። ልናገር የመጣሁትም እሱን ነው።

ነገሩ የሆነው ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር ላይ፣ በ2005 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ ነው። ቅዳሜ ነበር። ለታራሚዎች ነጻ ምርመራ ልናደርግ ስምንት ሆነን ተነሣን፤ የቡድኑ መሪ እኔ ነበርኩ። ፈቃዱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። መኪናችን አሮጌ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር፤ ከኋላ የመድኃኒት ካርቶን ታጭቆበታል፣ ጣሪያው ላይ ሁለት የምርመራ አልጋ ታስሯል። የቀላል ባቡሩ ግንባታ ጊዜ ስለነበር መንገዱ ከሳሪስ ጀምሮ ተቆፋፍሯል። አቧራማውን ተለዋጭ መንገድ ይዘን፣ በተሳቢዎች መሀል፣ በአንደኛ ማርሽ እየተጎተትን ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀን። አገር አቋራጭ የተባለው መኪና አዲስ አበባን ማቋረጥ አቃተው።

ሾፌራችን (ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው) በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ «መርፌው እየወጣ ነው» አሉ። እኔ የታራሚዎችን ስም ዝርዝር እያገላበጥኩ ነበር። ሁለት ጊዜም «ደረስን እኮ» አልኳቸው።

ከበሩ ፊት ለፊት ስንቆም ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ወጣ። ጋሼ ወርደው ኮፈኑን ከፈቱና እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆሙ። መኪናው ጊቢ ካልገባ ዕቃው አይገባም።

«ጋሼ፣ ውሃ ይጨምሩበትና እንግባ።»

«ትንሽ ይቀዝቅዝ፣ ዶክተር። ግማሽ ሰዓት ቢበቃው ነው።»

«ግማሽ ሰዓት ከየት ይመጣል? ሰዓት የለንም።»

አየት አደረጉኝ። እኔ ሳልወለድ መንዳት የጀመሩ ሰው ናቸው። እኔ ያኔ መንጃ ፈቃድ እንኳ አልነበረኝም። ግን ዶክተር ነኝ፣ መሪም ነኝ። ጨርቅ አጥፈው ክዳኑን ያዙ፤ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው ጥቂት ፈታ አደረጉት።

ውሃው ከሰው ቁመት በላይ ዘለለ። ቀኝ ክንዳቸው ከአንጓ እስከ ክርን፣ አንገታቸውና ከአገጫቸው ሥር ተቃጠለ። ዓይናቸው የተረፈው ፊታቸውን ስላዞሩ ነው፤ እኔ ስለነገርኳቸው አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ትክክል ነበር፤ እሱን ተምረናልና። ሰዓታቸውንና ቀለበታቸውን ክንዱ ሳያብጥ አወለቅን፣ የረጠበውን ሸሚዝ ገፈፍን። ለራዲያተሩ ብለን የያዝነውን የሃያ ሊትር ጀሪካን ክንዳቸው ላይ ቀስ እያልን አፈሰስን። ምግብ ይዘው ለጥየቃ የተሰለፉ ሰዎች ከበቡን። አንዲት እናት ለልጃቸው ከያዙት ፌስታል ኮልጌት አውጥተው «በዚህ ቀቢው፣ ያበርደዋል» አሉኝ። ለልጃቸው ያመጡትን ነው የሰጡኝ፤ እንዴት እምቢ ይባላል? እጃቸውን ይዤ «እማማ፣ ኮልጌትም ቅቤም እንቁላልም ቁስሉን ይበክለዋል፣ ሙቀቱንም አፍኖ ይይዘዋል፤ ውሃ ብቻ ነው» አልኩ። አላመኑኝም መሰለኝ፤ ቢሆንም ከወረፋቸው ወጥተው ውሃ ማፍሰሱን አገዙኝ። ጀሪካኑ ሲያልቅ አንድ የጥበቃ አባል ከውስጥ በባልዲ አመጣልን። የተቃጠለ ሰው ላይ ለሃያ ደቂቃ ያህል የሚወርድ ንጹሕ ውሃ ይፈስበታል፤ በረዶ አይደረግም፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈን ይደረጋል። ሰዓቴን እያየሁ ሃያ ደቂቃ አፈሰስኩ። ስንሸፍነውና ወደ ሆስፒታል የሚወስዳቸው ታክሲ ሲገኝ ግማሽ ሰዓት አልፏል።

ቀና ስል ሞተሩ ቀዝቅዟል። የለንም ያልኩት ግማሽ ሰዓት እዚያው ነበር።

ጋሼ ከአንድ ባልደረባችን ጋር ሄዱ። ሌላው ሥራውን ቀጠለ። በቀረችው አንድ ሰዓት ተኩል ያየነውን አየን። ከመጨረሻዎቹ አንዱ ድሮ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሾፌር የነበረ ታራሚ ነው። ስሙንም ጉዳዩንም አልናገርም፤ የነገረኝን ግን እንድናገረው ፈቅዶልኛል። ሸሚዙን ሲከፍት ደረቱ ላይ ከአንገቱ እስከ ጡቱ የሚወርድ አሮጌ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። «ምንድን ነው?» ብዬ ሳልጨርስ «የእርስዎ ሾፌር ዛሬ ያገኘው» አለኝ። የበሩ ወሬ እኛን ቀድሞ ገብቷል።

«ዶክተር፣ አይቀየሙኝና፣ ትኩሳት ያለበት ሰው ሲመጣልዎት መጀመሪያ ሆዱን ይቀዱታል?»

አልተቀየምኩም። ደረቱን እያዳመጥኩ፣ የደም ግፊቱን እየለካሁ አስተማረኝ። ያለው ሁሉ ኋላ ሳገናዝበው አሥራ አንደኛ ክፍል የተማርኩት፣ ፈተና ላይም ያገኘሁት ፊዚክስ ነው። ቃሊቲ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ በድስት የተጣደ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ግን የድስት ክዳን አይደለም። ባለ ስፕሪንግ ነው፤ ውስጡን ከውጪው አየር በላይ ወደ 0.9 ባር በሚጠጋ ግፊት አፍኖ ይይዛል። በዚያ ግፊት ውሃው እስከ 115 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። መርፌው ቀዩ ላይ ሲደርስ ውስጥ ያለው 105 ወይም 110 ዲግሪ ሆኖ ገና ውሃ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ ባንዴ ይወርዳል፣ የመፍያው ልክም ወደ 93 ይመለሳል፤ የተረፈው ሙቀት ውሃውን በቅጽበት እንፋሎት ያደርገውና ከፈላው ውሃ ጋር ይዞት ይወጣል። አንድ ሊትር ውሃ ሙሉ በሙሉ ከተነነ ከ1,600 ሊትር በላይ እንፋሎት ነው። ጨርቅ ይህን አይመልስም።

እሱ በዲግሪ አላወራም። «የላይኛውን ወፍራም ጎማ ቱቦ ጨመቅ አድርገው ይዩት። እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ታፍኗል፣ አይንኩት። እጅዎ ችሎት፣ ሲጫኑት እሺ ካለ ያኔ ይክፈቱ» አለኝ። ለእኛ ሰው ይህ ሆድ መዳሰስ ነው፤ ወዲያው ገባኝ።

መርፌው ሲወጣ፣ ውሃው ገና ካለ፣ ሞተሩን ባንዴ ማጥፋት ጥሩ አይደለም አለ፤ ፓምፑ ሲቆም ሙቀቱ ቴስታታው ላይ ይቆማል። ጥላ ሥር ቆሞ፣ አፍንጫውን ወደ ነፋስ አዙሮ፣ በባዶ ማርሽ ማስነሳት፤ የውስጡን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው መክፈት። ማሞቂያው እኮ ትንሽ ራዲያተር ነው፤ እኛን ያቃጥለናል እንጂ ሞተሩን ያበርደዋል። ውሃው ከፈሰሰ ወይም ቺንጋው ከተበጠሰ ግን ወዲያው ማጥፋት፣ ምክንያቱም የሚዞር ነገር የለም። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ደግሞ ቴስታታውን ይሰነጥቀዋል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ በቀስታ ነው የሚጨመረው።

«ደግሞ ቴርሞስታቱን አውጥተውላችሁ ይሆናል» አለ ስወጣ። «ለአገራችን አየር አያስፈልግም የሚል መካኒክ አይጠፋም።» ጋራዥ ስናስገባው እውነትም ወጥቷል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲሞቅ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር ይከፍታል፣ ውሃውን ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተር የሚመልሰውን በር ይዘጋል። ሲወጣ ሁለቱም ክፍት ይቀራሉ። ቆዳው ሲሞቅ የደም ሥሮቹን መክፈት ያቃተው ሰው ማለት ነው፤ በርሜል ውሃ ብትጨምሩለት አይበርድም። የራዲያተሩ ክንፎችም በአቧራ ተደፍነው ነበር። ያን ቀን በአንደኛ ማርሽ ስንጎተት ነፋስ የለም፣ ቬንትሌተሩ ብቻውን በተደፈነ ወንፊት ይስባል። ጋሼ ይህን ሁሉ ከመርፌው አንብበውት ነበር። የጠየቃቸው የለም እንጂ።

ከአራት ዓመት በኋላ ለሱፐርቪዥን ሰሜን ጎንደር ነበርኩ። ምጥ የቆየባትን ሴት ይዘን ከአዲአርቃይ ወደ ደባርቅ ሆስፒታል በሊማሊሞ ስንወጣ፣ ጠመዝማዛው መሀል ላይ መርፌው ወጣ። ሾፌሩ ወጣት ነው፤ ጨርቁን ይዞ ወረደ። «ተው!» አልኩት፣ ከመጠን በላይ ጮኬ ሳይሆን አይቀርም። ማሞቂያውን አስከፍቼ እሷን ከዛፍ ሥር አወረድናት። ባሏ ለምን አንሄድም አለኝ። ቀጥሎ ጮኸብኝ። ያለው ነገር ቃል በቃል እኔ ቃሊቲ ያልኩት ነው። እኔም የምመልስለት ብዙ አልነበረኝም፤ ሞተሩ እዚህ ከነከሰ እስከ ነገ እዚህ ነን አልኩት። በፒናርዱ የፅንሱን ልብ እየቆጠርኩ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ጠበቅን። አንዴ ወደ 100 ወረደ፣ ተመለሰ። ሾፌሩ ራዲያተሩ ላይ የተለጠፈውን ጭቃና የሣር ፍሬ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጪ በቅጠል ጠረገው። ቱቦውን ጨመቅኩት፤ እሺ አለኝ። ደባርቅ ስንደርስ በቀዶ ጥገና ወለደች። ሕፃኑ ባግ ይዞት አራት ደቂቃ ፈጀ፣ ከዚያ አለቀሰ። ያን ሠላሳ አምስት ደቂቃ የመሰለ ረጅም ጊዜ፣ ተለማማጅ ሐኪም ሆኜ በጥቁር አንበሳ ካሳለፍኳቸው ሌሊቶች ውስጥ እንኳ አላስታውስም።

ጋሼ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሥራ ጀመሩ። ክንዳቸው ላይ ቀለሙ የነጣ ቦታ ቀርቷል። ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው የሄድኩ ቀን ባለቤታቸው ቡና አፍልተው ነበር፤ እኔ ሳልጀምር «አንቺ ባትኖሪ ቀቢ የሚሉት ይቀቡኝ ነበር» ብለው ነገሩን አቋረጡት። እኔ ባልኖር መጀመሪያውንም አይቃጠሉም ነበር፤ ሁለታችንም ይህን እናውቃለን፣ ቡናውንም ጠጣን።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አብረን ሠርተናል። ሁልጊዜ ጠዋት መኪና ውስጥ ስገባ ቁልፉን ሳያዞሩ በመስተዋቱ ያዩኝና «ዶክተር፣ ዛሬ ሰዓት አለን?» ይሉኛል።

«አለን፣ ጋሼ» እላለሁ። ያን ጊዜ ያስነሱታል።